የእጅ ክብደት

ታጣፊ ምላጭ መሳያ ድንጋይ ላይ ሲተኛ በሁለት ቦታ ብቻ ይነካል፤ በጀርባውና በስለቱ። መካከሉ ከሁለቱም ወገን ወደ ውስጥ ስለተሞረደ ድንጋዩን ሳይነካ ያልፋል። ይህን መጀመሪያ ያየ ጀማሪ እፎይ ይላል። የወጥ ቤት ቢላ የሚስል ሰው ቢላውን አዘንብሎ፣ ያዘነበለበትን ልክ ከመጀመሪያው ግፊት እስከ መጨረሻው በእጁ መጠበቅ አለበት፤ ልኩ ሲያመልጠው ስለቱም ያመልጠዋል። ምላጭ ግን ልኩን በአካሉ ይዞ ነው የተሠራው። የጀርባው ውፍረት ራሱ ስለቱን በተወሰነለት ማዕዘን ያስተኛዋል። ስፋቱ 16 ሚሊሜትር፣ የጀርባው ውፍረት 4.5 ሚሊሜትር የሆነ ምላጭ ብንወስድ፣ ሁለቱ ጎኖች ስለቱ ላይ ሲገናኙ ማዕዘናቸው 16 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የሚገመት ነገር የለም። አስተኝቶ ስለቱን አስቀድሞ መግፋት፣ ዳር ሲደርሱ በጀርባው ላይ ገልብጦ መመለስ ነው።

ታዲያ ለመማር የቀረው ምንድን ነው? ይህን ሥራ ስጀምር የያዝኩት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ዛሬም አልለቀቀኝም። ማዕዘኑን ሌላ ሰው ሠርቶልኛል። ብረቱን እሳት አጠንክሮታል። ድንጋዩም ከእኔ በፊት የነበረ ነው። በመሀል የቀረው የእኔ እጅ ብቻ ነው፤ ምላጭ መሳልን መማር ማለትም ያ እጅ ቀስ በቀስ ገለል እንዲል ማስለመድ ነው።

እጃችን ስለትን የሚያውቀው በጉልበት ነው። በዓል ሲቃረብ ካራ የሚሳልበትን ግቢ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ ይደረጋል፣ የሚስለው ሰው ጎንበስ ብሎ ከትከሻው ይገፋል፣ የብረቱ ድምፅ ከአጥር ውጭ ይሰማል። ድንጋይ ከሌለ የሲኒ ቂጥ አለ፤ እሱም ላይ ቢሆን አገፋፉ ያው ነው። ለካራ ይህ ትክክል ነው። ካራን ቆዳና ጅማት ይጠብቀዋል፤ ስለቱ ሻከር ቢል እንዲያውም ሥጋውን ያዝ አድርጎ ይቆርጣል። ምላጭን የሚጠብቀው የሰው ጉንጭ ነው። ከትከሻው መግፋት የለመደ እጅ ምላጭ ሲይዝም ያንኑ ልማድ ይዞ ይመጣል፤ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈታው ይህን ልማድ ነው።

የእኔ ምላጭ ከእጀታው ጋር በሚያያዝበት ወፍራም ቦታ ላይ የዞሊንገን ማኅተም አለበት። ዞሊንገን በምዕራብ ጀርመን፣ ቩፐር በተባለው ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰይፍ፣ ኋላም ቢላና መቀስ፣ ምላጭም ስትሠራ ኖራለች። ስሟ እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣ ሕግ መጠበቅ ጀመረ፤ ዛሬም በሕግ ስለሚጠበቅ እዚያ ያልተሠራ ስለት የዞሊንገንን ስም መያዝ አይችልም። በወንዙ ዳር ውሃ የሚያዞራቸው የሞራጆች ቤቶች ነበሩ፤ ባልክሃውዘር ኮተን የሚባለውን የመሳሰሉ ጥቂቶቹ ዛሬም ቆመው ይጎበኛሉ። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ትልልቅ የድንጋይ መንኮራኩሮች በወንዙ ኃይል ይዞራሉ፤ ሞራጁ ብረቱን መንኮራኩሩ ላይ አስደግፎ ከዚህም ከዚያም ጎን እያስበላ ያሳሳዋል። እየቆየ ይህ ጥበብ እጅግ ረቀቀ። እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ የተሞረደ ምላጭ ከስለቱ አጠገብ በጣም ስስ ነው፤ በአውራ ጣት ጥፍር ቀስ ብለው ቢገፉት ይለመጣል፣ ጢም ሲቆርጥም ድምፅ አለው።

ከዞሊንገን ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው የእንግሊዙ ሼፊልድ ነው። ቤንጃሚን ሃንትስማን እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ ወጥ የሆነ ብረት ማውጣት ከቻለ በኋላ ከተማዋ በጥሩ ብረቷ ታወቀች። የሼፊልድ ታሪክ ግን ሌላ ገጽ አለው፤ የብረቱ ጥራት በተነገረ ቁጥር አብሮ ሊነገር ይገባል። በደረቅ ድንጋይ ላይ የሚሞርዱ ሠራተኞች ጎንበስ ብለው የድንጋይና የብረት ብናኝ ሲስቡ ይውሉ ነበር። ብናኙ ሳንባቸውን እያደረቀ በለጋ ዕድሜያቸው ይቀጥፋቸው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ሐኪሞች ስለዚህ ደዌ በብዙ ጽፈዋል፤ የሞራጆች አስም ይሉት ነበር። አሮጌ ምላጭ ስይዝ ይህን አልረሳም። «ማዕዘኑ ተሠርቶ ይጠብቅሃል» ሲባል በአንድ ጥግ ጎንበስ ብሎ የሠራው፣ እየሳለ የሠራው ሰው ነበረ ማለት ነው። እጄ ሲከብድ የሚበላሸው የእሱ ሥራ ነው።

ድንጋዮቹ በቁጥር ይታወቃሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቅንጣቱ ይደቃል። ብዙ ሰው በ1000 ይጀምራል፣ በ4000 ወይም በ5000 ያልፋል፣ በ8000 ያለሰልሳል፣ የፈለገ በ12000 ይጨርሳል። የ1000ው ቅንጣት ከአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም፤ የ8000ው ከአንድ ሺሕኛ ሚሊሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። ድንጋዩ ራሱ ሜዳ መሆን አለበት፤ ሲሠራበት መሀሉ ስለሚጎደጉድ፣ ላዩን በእርሳስ አስምሮ፣ መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት መስመሩ ሁሉ እስኪጠፋ ማሸት ነው። ይህ ትዕግሥት እንጂ ሌላ አይጠይቅም።

የጀማሪ ልብ ወደ 12000 ይሮጣል። የሥራው ልብ ግን 1000 ላይ ነው፤ እኔም እዚያው ልቆይ።

ስለት ራሱን የቻለ አካል የለውም። ሁለት ጎኖች አሉ፤ እየተጠጉ ሄደው የሚገናኙበት መስመር አለ፤ ስለት የምንለው ያንን መስመር ነው። የ1000 ድንጋይ ሥራ እነዚህ ሁለት ጎኖች ከተረከዙ፣ ማለትም ወደ እጀታው ካለው ዳር፣ እስከ ጫፉ አንድም ቦታ ሳይዘሉ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ሳይገናኙ ከቀሩ በመካከላቸው ጠባብ ሜዳ ይኖራል፤ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ፣ ግን ሜዳ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ደቃቅ ድንጋዮች ጎኖቹን ፊት እስኪታይባቸው ድረስ ያበሯቸዋል። ሜዳውን ግን አይደርሱበትም። ምላጩ ያብረቀርቃል፤ አይላጭም። ጀማሪ በዚህ ጊዜ የበለጠ ደቃቅ ድንጋይ ይመኛል፤ የሚጎድለው ግን ወደ ታች መመለስ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ተረት ለዚህ ሥራ የተተረተ ይመስለኛል።

መገናኘታቸው በምን ይታወቃል? አንዱ መንገድ ሁለቱንም ጎን በማርከር ቀብቶ ምላጩን ድንጋዩ ላይ አንዴ ሰድዶ ማየት ነው። ቀለሙ እስከ ስለቱ ጫፍ ከለቀቀ ድንጋዩ ደርሷል፤ ቀጭን የቀለም ክር ከቀረ አልደረሰም። ሌላው መንገድ ብርሃን ነው። ምላጩን ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ መብራት ሥር ቀስ እያሉ ማገላበጥ፣ ከተቻለም በሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር መመልከት። የደነዘ ቦታ ብርሃን ይመልሳል፤ ነጭ ክር ወይም ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። የተሳለው ቦታ ላይ ምንም አይታይም። ብርሃን የሚያርፍበት ስፋት የለውምና።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ አስቤያለሁ። በዚህ ሥራ ዐይን የሚያየው ጉድለቱን ብቻ ነው፤ የተሳካው ከዐይን ይሰወራል። ከልጅነታችን ጀምሮ ድካማችን ታይቶ እንዲመሰክርልን ለምደናል፤ የተወለወለው ወለል ያበራል፣ የታረሰው ማሳ ጠቁሮ ይታያል፣ የተጻፈው ወረቀት ይሞላል። የተሳለ ስለት ግን ለሠሪው የሚያሳየው የለውም። ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ መብራቱ ሥር ሳነሣው ምንም ባላይ፣ ያ «ምንም» የድካሜ ፍሬ ነው። ይህን ደስታ ብሎ መቀበል ጊዜ ይፈልጋል። ከተቀበሉት በኋላ ግን ዕረፍት አለው፤ የሚታይ ነገር ለማግኘት የሚሮጠው የልብ ክፍል ያርፋል።

በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ይህን ያህል ጊዜ ግፋ፣ ይህን ያህል ጊዜ መልስ የሚል ምክር ጀማሪ በብዛት ይሰማል። እኔ ይህን ምክር አልወደውም። ብረት ከብረት ይለያል፤ አንዱ ቶሎ ይሰጣል፣ ሌላው ጠንክሮ ግማሽ ቀን ያስቆማል። ከሁሉ በላይ ግን ቁጥር ሐሳብን ያሰናብታል። የሚቆጥር ሰው የሚጠብቀው ቁጥሩን እንጂ ብረቱን አይደለም። ሃምሳ ሲሞላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ብረቱ ግን ሃምሳ መሆኑን አያውቅም።

የእጅ ክብደት ጉዳይ የሚመጣው ጎኖቹ ከተገናኙ በኋላ ነው። ብረት መበላት ስላለበት በ1000 ላይ ጥቂት ክብደት ይፈቀዳል። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ሁሉ ያንን ክብደት ማንሣት ነው። ስስ ምላጭ ሲጫኑት ይለመጣል። ሲለመጥ ስለቱ ከድንጋዩ ይሸሽና ድንጋዩ የሚበላው ከስለቱ ኋላ ያለውን ቦታ ይሆናል፤ እጅ ሲለቀው ምላጩ ይቃናል፣ የተሠራው ሥራም ያልታሰበበት ቦታ ላይ ይገኛል። የሚጫን እጅ የሚተወው ጭረትም ጥልቅ ነው፤ ጭረቱ ስለቱ ላይ ደርሶ ሲወጣ መስመሩን እንደ መጋዝ ያጎረብጠዋል። ወደ ተረከዙ የሚያደላ እጅ ደግሞ ቀጥ ያለውን ስለት ከጊዜ ብዛት በዚያው በኩል ያጎደጉደዋል። ምላጩ ብዙ ጊዜ ከድንጋዩ ስፋት ስለሚረዝም ግፊቱ ከተረከዝ ተነሥቶ ወደ ጫፍ እያዘገመ በሰያፍ መሄድ አለበት፤ ክብደቱ በዚያ መንገድ ሁሉ አንድ ዓይነት ካልሆነ ብረቱ የእጁን ጠባይ ይመዘግባል።

እጅ ለምን ይጫናል? ራሴን ስመለከት ያገኘሁት መልስ ጥርጣሬ ነው። ድንጋዩ ሥራውን እየሠራ መሆኑን አላምን ስል፣ ምልክት ስፈልግ፣ ድምፅ ስፈልግ፣ ያን ጊዜ ጣቴ ይከብዳል። የሚገርመው እኔ ሳላዝዘው መሆኑ ነው። ቀሎ የነበረው ክንዴ በሐሳብ ራቅ ስል ተመልሶ ይከብዳል፤ ያላለቀ የሥራ ጉዳይ ትዝ ሲለኝ፣ ቸኩዬ የምሄድበት ሲኖረኝ፣ ቅሬታ ውስጤ ሲኖር፣ ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ልብን ዝም አሰኝቶ መጸለይ የሚያስተምሩ አባቶች ሐሳብ ሲበተን ሰብስቦ መመለስ እንጂ መቆጣት እንደማይጠቅም ይናገራሉ። ድንጋዩም ፊት ያለው ይኸው ነው። ከብዶ ያገኙትን እጅ መቆጣት ሌላ ክብደት ይጨምርበታል፤ ማንሣትና እንደገና ማሳረፍ ይሻላል።

ዐይን ባይረዳም ሌሎች ምልክቶች አሉ፤ የሚሰሙት ግን እጅ ሲቀል ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው ውሃ በስለቱ ፊት እየተገፋ ይሄዳል፤ ስለቱ ሲሰላ ውሃው ከሥሩ መሾለክ ትቶ በምላጩ ገጽ ላይ መውጣት ይጀምራል። ድምፁም ይለወጣል። መጀመሪያ የሚፋጭ ድምፅ ነው፣ ኋላ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ምላጩ ድንጋዩን ያዝ የሚያደርግ ዓይነት ስሜት ለጣት ይመጣል። የሚጫን ሰው ይህን አይሰማም፤ የራሱን ጉልበት ነው የሚሰማው።

ክብደትን ማንሣት ማለት ምን እንደሆነ ከሌሎች ሁሉ አብልጦ ያስተማረኝ የቤልጅየሙ ቢጫ ድንጋይ ነው፤ ኮቲኩል ይባላል። የሚወጣው አርዴን በሚባለው ኮረብታማ አገር፣ ከቪልሳልም ከተማ አካባቢ ነው። በጥንት ባሕር ወለል ላይ የረጋ ደለል ጠንክሮ የተገኘ ድንጋይ ነው፤ ዕድሜው ወደ 480 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ቢጫው የሚገኘው በጠቆሩ የድንጋይ ንጣፎች መካከል በስስ ድርብ ስለሆነ፣ እንዳይሰበር ብዙ ጊዜ ከጠቆረው ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ነው የሚሸጠው። በውስጡ ጋርኔት የሚባሉ ጠንካራ ቅንጣቶች በብዛት ተበትነዋል፤ መጠናቸው የሚሊሜትር አንድ መቶኛ አካባቢ ነው። ብዙ ገጽ ያላቸው፣ ወደ ድቡልቡልነት የሚጠጉ ስለሆኑ መጠናቸው ከሚያስገምተው ይልቅ ጥልቀት የሌለው ጭረት ይተዋሉ።

በኮቲኩል የሚስል ሰው ድንጋይ ሳይቀይር፣ ቁጥር ሳይለውጥ ከሻካራ ወደ ደቃቅ መሄድ ይችላል። በመጀመሪያ ትንሽ የድንጋይ ቁራጭ ላዩ ላይ ከውሃ ጋር አሽቶ ነጣ ያለ ዝቃጭ ያወጣል። ዝቃጩ ውስጥ የተፈቱት ጋርኔቶች ብረቱን ፈጥነው ይበላሉ፤ ውሃው ወዲያው ይጠቁራል። ከዚያ ጥቂት ከተሠራበት በኋላ በጣት አንድ ጠብታ ውሃ ይጨመራል። እንደገና ጥቂት፣ እንደገና አንድ ጠብታ። ዝቃጩ እየቀጠነ ሲሄድ ድንጋዩም እየደቀቀ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይቀራል። እጁም ከጠብታው ጋር አብሮ መቅለል አለበት። እኔ ይህን የጠብታ አሠራር ከቁጥር ድንጋዮቹ አብልጬ እወደዋለሁ። በቁጥር ድንጋዮች ላይ ለውጡ በደረጃ ነው፤ አንዱን አንሥቶ ሌላውን ማስቀመጥ ነው። እዚህ ድንበር የለም። የትኛው ጠብታ ላይ መሳል አልቆ ማለስለስ እንደተጀመረ ማንም ሊናገር አይችልም። ሲጫን የነበረው እጅ መቼ መጫን እንደተወም እንዲሁ አይታወቅም፤ አንድ ቦታ ላይ ሲመለከቱት ቀሎ ይገኛል። ጊዜ ይፈጃል፣ የድንጋዩንም ጠባይ ማወቅ ይፈልጋል፤ አንዱ ኮቲኩል ከሌላው ይለያልና። ቸኩሎ ውሃ ያበዛ ሰው ሥራው ከመድረሱ በፊት ድንጋዩን ያደቀዋል፤ እንደገና ዝቃጭ ማውጣት አለበት።

ከድንጋዩ በኋላ ቆዳው አለ። ሰፊ የከብት ወይም የፈረስ ቆዳ ጠፍር በአንድ ጫፉ ይታሠራል፣ በሌላው በእጅ ይያዛል። አሁን አካሄዱ ይገለበጣል፤ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፤ ካልሆነ ምላጩ ቆዳውን ይቆርጠዋል። ጠፍሩ ከላላ ስለቱን ይጠቀልለዋል። ክብደቱ የምላጩ የራሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ፈተናው። አንድ የፀጉር ዘለላ ከሥሩ ይዞ ስለቱ ላይ ማሳረፍ የታወቀ ነው፤ ስል ከሆነ ፀጉሩ ሳይገፉት ተቆርጦ ይወድቃል። እኔም አደርገዋለሁ፤ ግን ብዙ አልተማመንበትም። የፀጉሩ ውፍረት፣ መድረቁ፣ የተያዘበት ርቀት ሁሉ ውጤቱን ይቀይረዋል፤ ፈተናውን ያለፈ ምላጭ ፊት ላይ ሲሻክር፣ ያላለፈው ሲለሰልስ አይቻለሁ። የሚፈርደው ፊት ነው። ቆዳውን በአንድ እጅ ወጠር አድርጎ፣ ምላጩን ወደ 30 ዲግሪ አዘንብሎ፣ ጢሙ በተኛበት አቅጣጫ ማውረድ። እዚህ እጅ ከድንጋዩ ላይ የተማረውን ሁሉ ይጠየቃል። ድንጋዩ ላይ መጫንን ያልተወ እጅ ጉንጭ ላይ አይተወውም፤ የዚህን ምስክርነት ደግሞ ቆዳ ወዲያው ይሰጣል። ስል በሆነ ምላጭና በቀለለ እጅ የሚሰማው ጥቂት ነው፤ አረፋው ሲገለጥ ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፣ በሁለቱ መካከል የሆነው ነገር ግን አይታወቅም።

እንዲህ ተደክሞበት የተሳለውን ስለት የሚያደነዝዘው ማን እንደሆነ ሳስብ ግን አንገቴን እደፋለሁ። ፀጉር ነው። አረብ ብረት ከፀጉር ሃምሳ ጊዜ ያህል ይጠነክራል። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ይህን ሊያምኑት የሚያስቸግር ነገር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተውታል። ሲጠበቅ የነበረው ስለቱ ቀስ በቀስ እየተበላ እንደሚዶለድም ነበር። ያዩት ግን መሸረፍን ነው። ፀጉሩ ሲቆረጥ ጎንበስ ይላል፤ ምላጩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ ይገጥመዋል፤ ብረቱ ደግሞ ሲታይ ወጥ ቢመስልም በውስጡ የጠነከረና የለሰለሰ ቦታ አለው። ፀጉሩ እነዚህ በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ ካረፈ ከብረቱ ቅንጣት ይሰብራል። የተፈተሹት ተጥለው የሚተኩ ዘመናዊ ምላጮች ናቸው፤ ቢሆንም ታጣፊ ምላጭ የሚስል ሰው ጥናቱን ሲያነብ የገዛ ምላጩ ታሪክ ሆኖ ያገኘዋል። ለስላሳው ሳይጫን፣ ጎንበስ ብሎ፣ ብረትን ይሰብራል። ስለዚህ መሳል አያልቅም። ቆዳው በየቀኑ፣ ድንጋዩ በየጊዜው ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ተገቢ ጥያቄ ነው። ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ስለት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1769 ሰው ራሱን በራሱ መላጨት እንዲማር አንድ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ርእሱ ላይ ራሱ የድንጋይ ዓይነቶችን ስለ መለየትና ቆዳ ስለ ማዘጋጀት እንደሚናገር ይገልጻል። መላጨትና ድንጋይ የማይለያዩበት ዘመን ነበር። ከዚያ ኪንግ ጂሌት መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ምላጭ ሲደነዝ ይጣላል እንጂ አይሳልም። ድንጋዩ ከቤት ወጣ። በአገራችን ፀጉር ቤቶችም ዛሬ ያለው ቶንዶስና ለሁለት ተሰብሮ እጀታ ውስጥ የሚገባ ምላጭ ነው፤ ደንበኛውም ምላጩ አዲስ መሆኑን ዐይኑ እያየ ይቀመጣል። ይህ እንዲሆን ያደረገ ምክንያት አለ፤ «ስለታማ ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ በኤድስ ዘመን ያልሰማ የእኔ ትውልድ ሰው የለም፤ ስንት ሕይወት እንዳተረፈም እናውቃለን። ስለዚህ የታጣፊው ምላጭ ከፀጉር ቤት መውጣት አያሳዝነኝም፤ ትክክል ነው። የሚሳል ምላጭ የአንድ ሰው፣ የአንድ ፊት ብቻ መሆን አለበት። የማዝነው ከእሱ ጋር አብሮ ለወጣው ነገር ነው፤ የገዛ መሣሪያውን ድንዛዜ አይቶ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ መልሶ ለሚያድሰው እጅ። ሲደነዝ የሚጣል ነገር መደንዘዙን እንድናጠናው አይጠይቀንም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ስለቱ በተሳለ ቁጥር ጀርባውም አብሮ ይበላል። ሁለቱ በተመጣጣኝ ስለሚሳሱ ማዕዘኑ ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ ከምላጩ ጋር ያረጃል፤ ይህን ያሰበው ሰው ጥበቡ ያስደንቀኛል። አንዳንዶች ጀርባው እንዳይጫር ናስትሮ ይለጥፉበታል። ለጌጥ የተሠራ ጀርባ ላይ ይገባኛል፤ በተራ ምላጭ ላይ ግን ጀርባው ከስለቱ ጋር መበላቱ ደንቡ ነውና እኔ አልለጥፍም። በአሮጌ ምላጭ ጀርባ ላይ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ጠፍጣፋ መስመር ከእኔ በፊት የነበሩት እጆች የተዉት ነው። ጠባብና ወጥ ከሆነ በቀላል እጅ ኖሯል። ከሰፋ የሚጫን እጅ ነበረበት። አንዱ ጎን ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ ሰውየው ሲገፋና ሲመልስ እጁ እኩል አይከብድም ነበር ማለት ነው። የእኔው ምላጭ ላይ መስመሩ ወደ ጫፉ ጠባብ ነው፤ ወደ ተረከዙ ሲሄድ ወደ ሁለት እጥፍ ይሰፋል፣ ስለቱም እዚያ ላይ ጥቂት ጎድጎድ ብሏል። ያን ሰው አላውቀውም። እጁ የት ላይ ይከብድ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በምስልበት ጊዜ ተረከዙን ከድንጋዩ ቶሎ አወጣዋለሁ፣ ከመሀል እስከ ጫፍ ያለውን በቀላል እጅ አቆየዋለሁ። ብረት በአንድ ቀን አይስተካከልም፤ ጥቂት ጥቂት እየተበላ መስመሩ እኩል እስኪሆን ዓመታት ይፈልጋል።